ቤት በቤት፦ ከጆካ ሸንጎ እስከ ውልና ማስረጃ

መስቀል ሲቃረብ የመርካቶ ሱቆች ገርበብ የሚሉት፣ የወልቂጤና የቡታጅራ መኪና የሚወደደው ለክትፎ ብቻ ይመስላችኋል? ክትፎው እውነት ነው፣ አንክድም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ተበታትኖ የከረመ ቤተሰብ አንድ ጎጆ ሥር ሲሰበሰብ የንብረት ነገርም አብሮ ይነሣል። የአባት ቦታ ለማን ይሁን? የከተማው ቤት ይሸጥ ወይስ ይከራይ? አጥሩ የገባው በማን በኩል ነው? ለዐረፋ የሚገቡት ወገኖቻችንም ዘንድ ነገሩ ያው ነው። በዚህ መሀል አንዱ ይነሣና «ለምንስ አንለዋወጥም?» ይላል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዱ ቡታጅራ ቤት አለው፤ ልጆቹ ግን ወልቂጤ ናቸው። ሌላው ቤቱ ወልቂጤ ነው፤ ንግዱ ግን ቡታጅራ። «ጋሼ፣ እርስዎ የቡታጅራውን ይውሰዱ፣ የወልቂጤውን ለእኔ ይልቀቁልኝ። ብር አንቆጥር፣ ግብር አንከፍል!» ጋሼም ያስባሉ፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ በደብተር ወረቀት ላይ ውል ይጻፋል፣ ሦስት ምስክር ይፈርማል፣ ምርቃት ይከተላል። በማግሥቱ ሁሉም ወደ አዲስ አበባው ይመለሳል። ጠበቃ የለ፣ ሒሳብ አዋቂ የለ፣ ማዘጋጃ ቤት የለ!

«ሽያጭ ካልሆነ ግብር የለም» የምትለው ይህች አነጋገር ከየት መጣች? እኛ ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን እንጂ ጠበቆች አይደለንም። ስለዚህ የምናወራችሁ ታሪኩን ነው። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጁ ሲመጣ እ.ኤ.አ. እንላለን።)

ጉራጌ አገር ስለ መሬት ምክር የሚጠየቅ ሰው ድሮም ነበረ። ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ላይ ሸንጎ ይቀመጣል፤ ሕጉም ቅጫ ይባላል። ክስታኔዎች ደግሞ ጎርዳና ሴራ አላቸው። ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ የአማካሪው ፈቃድ ሽበቱና የተናገረው ቃል ሲፈጸም መታየቱ ነበር። የሥርዓቱን ብርታት ማየት የሚፈልግ ጀፎረን ይመልከት። በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ያ ሰፊ ሣራማ ጎዳና የሁሉም ነው። ከብት ይሰማራበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ሠርግ ያልፍበታል። ካርታም ሆነ የድንበር ድንጋይ ያላስፈለገው ይህ ቦታ ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲመጣ ሳይቆረስ የኖረው ገፍቶ ያጠረን ሰው የሚጠይቅ ሸንጎ ስለነበረ ነው።

ይሁንና ቅጫ የሚያውቀው የሚተዋወቁ ሰዎችን ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ማሳ ቢለዋወጡ ምስክሩ መንደሩ ሁሉ ነው፤ የሚካድ ነገር የለም። አንደኛው አዲስ አበባ፣ ሌላኛው ወልቂጤ፣ ቤቱ ደግሞ ቡታጅራ ሲሆን ግን መንደሩ የለም! (ሌላም ጉድለት ነበረው፤ በልማዱ መሬት የሚወርሰው በወንድ ወገን ነው። ወደዚህ እንመለሳለን።)

የጉራጌ አገር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለምኒልክ መንግሥት ሙሉ በሙሉ ከገበረ በኋላ ሰዉ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ መፍሰስ ጀመረ። በዋና ከተማዋ በ1900 ዓ.ም. በወጣው የቦታ ደንብ መሬት በግል የሚያዝ፣ የሚሸጥና የሚለወጥ ሆነ። ከእንሰት ጓሮ የመጣው ሰው ወረቀት ያለው መሬት ያየው እዚህ ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ የአዲስ አበባ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ መሥራት ጀመሩ፤ ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድ የዚህ ጥረት ፍሬ ነው። ወልቂጤም በጅማ መንገድ ላይ ተቀምጣለች። መንገድ ሲገባ ከተማ ይደምቃል፣ ከተማ ሲደምቅ ቤት ይሠራል፣ ቤት ሲሠራ ወረቀት ያስፈልጋል።

ወረቀቱም መጣ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ ከሽያጭ ቀጥሎ ስለ መለዋወጥም ይናገራል። ገንዘብ ባይኖርበትም የመለዋወጥ ውል የሚመራው በአብዛኛው በሽያጭ ደንቦች ነው፤ እያንዳንዱ ተለዋዋጭ ለሰጠው ነገር እንደ ሻጭ፣ ለተቀበለው ነገር እንደ ገዢ ይታያል። እንግዲህ «ሽያጭ አይደለም» የሚለው መከላከያ ገና በ1952 ነበር የላላው ማለት ነው።

ያው ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ሕጉ ከቁጥር 1553 እስከ 1646 ድረስ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በዝርዝር ይደነግግና በመጨረሻው ላይ ራሱ «ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ይቆይ» ብሎ ያግደዋል! መዝገቡን ደነገግንና አስቀመጥነው። ስለዚህ በወልቂጤም በቡታጅራም ሰው የለመደውን ያዘ፦ ሽማግሌ፣ ምስክር፣ ወረቀት። የመንደር ውል የምንለው ይኸው ነው።

የዘመኑ አማካሪ ማን ነበር? በሃይለ ሥላሴ አንደኛ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። የተመረቀ የሕግ ባለሙያ በየአውራጃው አይገኝም ነበር። የነበሩት ነገረ ፈጅና ከፍርድ ቤት በር ላይ ታይፕ ዘርግተው የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ናቸው። እነዚህን ሰዎች የሚንቅ ሰው አለ፤ እኛ አንንቅም። ማመልከቻ እንዴት እንደሚጀመር፣ የትኛው ዳኛ ምን እንደማይወድ ያውቃሉ። ግን አንድ ቤት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ምን ግብር እንደሚከተል እንዲነግሩን መጠበቅ ግፍ ነው፤ ሙያቸው አይደለምና።

ከዚያ 1967 መጣ። የካቲት 25 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገው፤ ባለይዞታው በሽያጭ፣ በልውውጥ፣ በውርስ፣ በመያዣ ወይም በኪራይ እንዳያስተላልፍም ከለከለ። ልብ በሉ፣ ልውውጥ በስሙ ተጠርቷል። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ። መርካቶ ሠርቶ በትውልድ ከተማው ሁለት ሦስት ቤት ላቆመ ነጋዴ ይህ ምን ማለት እንደነበረ አያቶቻችንን መጠየቅ ነው። ትርፉ ቤት የቀበሌ ሆነ፤ ቀበሌውም አከራይም፣ ዳኛም፣ አማካሪም ሆኖ ቁጭ አለ። ስለ ንብረት ባለሙያ ማማከር የሚለው ሐሳብ የተዳከመው በዚህ ዘመን ይመስለናል። ንብረት የሌለው ሰው ምን ያማክራል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ። «የማይሸጥ» የሚለውን ሁላችንም እንጠቅሳለን፤ «የማይለወጥ» የሚለው ግን ከአፋችን ይወጣል እንጂ ከልባችን አይገባም። ከመሬቱ በላይ ያለው ቤት የባለቤቱ ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል። መሬቱ ግን ቤቱን ተከትሎ የሚሄደው ሕጉ በወሰነው መንገድ ብቻ ነው። ለገበሬዎች የተተወች አንዲት ቀዳዳ አለች፦ የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 አርሶ አደሮች የተበጣጠሰ ማሳቸውን ለልማት እንዲመች በፈቃዳቸው እንዲለዋወጡ ያበረታታ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ሆኖም ማሳ በማሳ ሌላ ነው፣ ማሳ በከተማ ቤት ሌላ ነው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ጉብሬ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ በከተማው ዳር ያለ የእንሰት ጓሮ በደላላ ዓይን የቤት ቦታ ሆኗል። ማሳውን ሰጥቶ የከተማ ቤት «የተለወጠ» ገበሬ በእጁ የያዘው ወረቀት ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፈራሽ ሊባል የሚችል ወረቀት ነው። ምስክሮቹ ስንትም ቢሆኑ!

አሁን ወደ ግብሩ። በ1994 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ለንግድ፣ ለፋብሪካና ለቢሮ የሚያገለግል ሕንፃ ሲተላለፍ ከሚገኘው ጥቅም 15 በመቶ፣ ከአክሲዮን ደግሞ 30 በመቶ ግብር ጣለ። መኖሪያ ቤትን ግን ከመተላለፉ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያ ካገለገለ ነጻ አደረገው። ሁለት ዓመት! ሙሉ በሙሉ! ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጓሮው መኖሪያ የሆነ ቤት በወልቂጤና በቡታጅራ ዋና መንገድ ላይ ስንት እንደሆነ ወጥታችሁ ቁጠሩ። ያ ቤት ንግድ ነው መኖሪያ? መልሱ በብዙ ሺህ ብር የሚለያይ ጥያቄ ነው፤ በምርቃትም አይፈታም።

አዋጁ «ማስተላለፍ» ሲል በቅንፍ ሽያጭንና ስጦታን ይጠቅሳል። ብልጥ ነኝ የሚል አንባቢ «አያችሁ! ልውውጥ የለበትም!» ሊል ይችላል። ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ መለዋወጥን ከሽያጭ ጎን እንዳስቀመጠው ከላይ ተባብለናል። ደግሞም አዋጁ ንብረት የማዛወር ሥልጣን ያለው ሰው ግብሩ መከፈሉን ሳያረጋግጥ ዝውውሩን እንዳይቀበል ያዝዛል። ሙግቱ የሚጀምረው መስኮቱ ላይ ነው ማለት ነው፤ ከጎናችሁ ባለሙያ ከሌለ መስኮቱ ያሸንፋል። በ2008 አዋጅ ቁጥር 979 ቦታውን ሲወስድ 15ቱና 30ው ቀጠሉ፤ በ2017 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። በዚህ ላይ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ ካሉ የግል ቤቶች በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የሚወስነውና የሚሰበስበው ክልሉ ስለሆነ የፌዴራሉን ብቻ አንብቦ መመለስ አይበቃም። ከገቢ ግብሩ ሌላ በ1990 የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 የባለቤትነት ሰነድ ሲዛወር 2 በመቶ ይጠይቃል። ለዚህ ቀረጥ ገንዘብ ተቆጠረ አልተቆጠረ ብዙም ግዱ አይደለም፤ ቤቱ ይገመታል።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ግን ግብር አይደለም፣ ሊዝ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ ሥሪት እንደሚይዝ ደነገገ። «በማናቸውም መንገድ» ውስጥ ልውውጥ አለ። እንግዲህ የጋሼን ነገር አስቡት። የቡታጅራውም የወልቂጤውም ቤት ከአባት የቆየ ነባር ይዞታ ነው እንበል። ሁለቱም ግብር ሸሽተው ተለዋወጡ። ጠዋት ሁለት ነባር ይዞታ ነበረ፤ ማታ ሁለት የሊዝ ባለዕዳ ሆነ። ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሊዝ ውስጥ የሚገባው ገዢው ብቻ ነበር! በልውውጥ ሁለቱም ወገን ገዢ ስለሆነ ሁለቱም ይገባሉ። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ሰው ቢገኝ ኖሮ ምናልባት አንደኛው ቤቱን ለሌላው ቢያከራይ፣ እሱም የዚያኛውን ቢከራይ ይሻል ነበር።

ውሉስ? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ በቁጥር 1723 መሠረት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። በ1997 ከወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል፤ የወልቂጤውንም የቡታጅራውንም። ከዚያ ወዲህ ተዋዋዮቹ ውሉን ሳይክዱ በሚቀሩበት ጊዜ ነገሩ በሌላ መልክ የታየበት መዝገብ አለ። ግን ቤቱ ዋጋው ሦስት እጥፍ ከሆነ በኋላ የማይክድ ዘመድ ላይ ተማምኖ መኖር የእያንዳንዱ ሰው ድፍረት ነው።

የፈረንጁን አገር እንይ እስኪ፤ ይህን ነገር የሚያጓጓ የሚያደርገው እሱ ነውና። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን «እዚህ እኮ ቤት በቤት ብትለውጥ ግብር አይነካህም» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እውነትነት አለው። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣ የግብር ሕግ ነው፤ ዛሬ ክፍል 1031 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ስታርከር የሚባል የኦሪገን የደን ባለቤት ንብረቱን አስቀድሞ ሰጥቶ ለውጡን በኋላ ቢቀበልም ልውውጥ ነው ብሎ ተከራክሮ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በዋናው ነጥብ ተቀበለው። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1984 ገደብ አበጀለት፦ በ45 ቀን ምትኩን ለይ፣ በ180 ቀን ጨርስ። አንድ ቀን ቢያልፍ አበቃ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራውም ለማይንቀሳቀስ ንብረት ብቻ ነው።

ዘመዶቻችን የማይነግሩን ግን አለ። አንደኛ፣ ግብሩ ይቆያል እንጂ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ራስህ የምትኖርበት ቤት አይገባበትም፤ ለንግድ ወይም ለኢንቨስትመንት የተያዘ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ አሜሪካ ያለ ቤት ውጭ አገር ካለ ቤት ጋር በዚህ ሕግ አይለወጥም። ሜሪላንድ ያለውን አፓርታማ በቡታጅራ ሕንፃ ለውጦ ከግብር ማምለጥ የሚባል ነገር የለም! አራተኛውን ደግሞ እኛ በጣም ወደድነው፦ ገንዘቡን በመሀል የሚይዘው አገናኝ ላለፉት ሁለት ዓመታት የአንተ ጠበቃ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ወይም የቤት ደላላ ሆኖ የሠራ ሰው መሆን አይችልም። መካሪው ሌላ፣ ገንዘብ ያዡ ሌላ። በእኛ ከተሞች ደላላው መካሪም፣ አስማሚም፣ ቀብድ ያዥም፣ አንዳንዴም ውል ጸሐፊ ነው።

ታዲያ እኛ አገር ፈቃድ ያለው ማን ነው? በ1992 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቆች አዋጅ ቁጥር 199 በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1249 ተተክቷል፤ በክልል ፍርድ ቤት የሚቆመው ጠበቃ ደግሞ ፈቃዱን የሚያገኘው ከክልሉ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ጠበቃ ይዛችሁ ስትመጡ የየትኛው ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ፤ ነውር አይደለም። የሒሳብ ባለሙያዎችን የሚቆጣጠር ቦርድ የተቋቋመው የ2006ቱን አዋጅ ቁጥር 847 ተከትሎ ነው። የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ደግሞ የታክስ ወኪል በፈቃድ እንዲሠራ ደንግጓል። የሸንጎ ታሪካችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲሆን የታክስ ወኪሉ ገና ልጅ ነው።

በይደር ያቆየነውን እናንሣ፤ እኛን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን እሱ ነውና። በመስቀል ሰሞን ሽማግሌ ፊት ለልውውጥ የሚቀመጠው በአብዛኛው ወንድ ነው። ሚስት ጓዳ ናት። እንሰቱን የተከለችው፣ ባሏ መርካቶ ሲከርም ቤቱን የጠበቀችው፣ ግድግዳውን ያስመረገችው እሷ ናት፤ ቤቱ «ሲለወጥ» ግን የምትሰማው ቡናውን ስታቀርብ ነው። በ1992 የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየትም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። «ለመለወጥ» የሚል ቃል አለበት። የደቡብ ክልልም በ1996 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል፤ በገጠር መሬት ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስምና ፎቶ እንዲወጣ ተደርጓል። ሽማግሌ የሚጠይቀው «ተስማማችሁ ወይ?» ብሎ ሁለቱን ወንዶች ነው። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው የጋብቻ ማስረጃ ነው። አንዳንድ አባቶች ይህን ጥያቄ እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። ይቁጠሩት!

ዘንድሮ የሚለዋወጥ ካለ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን እንደሆነች ናት። ክልሉ አንድ ቢሆንም ጋሼና ተለዋዋጫቸው የሚቆሙት በሁለት ዞኖች፣ በሁለት ማዘጋጃ ቤቶች ፊት ነው፤ ግምቱም ሁለት፣ የግብር ክሊራንሱም ሁለት፣ ወረፋውም ሁለት። ሁለቱም መስኮቶች ለመስቀል ዝግ ናቸው።